ሐይቅ ዳር የተሳለምኩት በር

መሐል ሜዳ፣ ጥር 4 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት፣ ለምወድዎትና ትንሽም ለምፈራዎት ለእትዬ፤
ራቤል

እንደምን ከርመዋል? ያ የቀኝ ጉልበትዎ የዘንድሮን ውርጭ እንዴት ቻለው? ባለፈው በስልክ ሲያስሉ ሰምቼ ሆዴ ሲባባ ነው የሰነበተው፤ ጤና አዳሙን አፍልተው ይጠጡት እንጂ እንደ ልማድዎ አሽትተው አይተዉት። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ከጠቦቶቹ አንድም አልሞተብኝም፣ ያ ሲያሰቃየኝ የነበረው ጥርሴም ከተነቀለ ወዲህ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው። ምን ጎደለሽ ካሉኝ የጎደለኝ የለም። የተረፈኝ ግን አለ፤ እፍረት።

እሱን አስቀድሜ ልንገርዎና ልገላገል። እትዬ፣ ሐዋሳ ድረስ ሄጄ የመናፈሻ በር ተሳለምኩ።

መናፈሻ! ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት፣ ወጣቱ ለስላሳ የሚጠጣበት፣ ሐይቅ ዳር ያለ መናፈሻ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የበሩን መቃን በቀኝ ሦስቴ በግራ ሦስቴ ስሜ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ተሳለምኩት። ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ምክንያቱም ጎረቤቴ አማከለች ለጥምቀት ወደ ራቤል ትወጣለች። የአማከለችን ነገር ያውቁታል። ከግድግዳዬ ማዶ ሆና የወጤ ጨው ማነሱን የምታውቅ ሴት ናት። እሷ ቀድማ ከነገረችዎ፣ በሩን ብቻ ሳይሆን ቲኬት ቆራጩንም ስማለች ብላ ነው የምትነግርዎ።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ግን እርስዎ ስልክ ሲያነሱ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ነው፤ ቤት ያለውም ደጅ ያለውም አብሮን ያወራል። የምነግርዎ ደግሞ የበሩን ነገር ብቻ አይደለም። ያዘዙኝም ነገር አለ።

ያዘዙኝን መቼም አልረሱትም። ምንይሉ ጎሚስታው አብረን እንኑር ብሎ የጠየቀኝ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ ማለቴ ነው፣ ደውዬ ስነግርዎ ዝም አሉ። እርስዎ ዝም ሲሉ ስልኩ የተቋረጠ ነው የሚመስለኝ። «ሄሎ! ሄሎ!» ስል፣ «አለሁ፣ አልሞትኩም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አምና በወንድሜ፣ በባልሽ፣ የሰባት ዓመት ተዝካር ምን ተባባልን?» አሉኝ። ምን እንደተባባልን መች ጠፋኝ! እርስዎ እያለቀሱ፣ እኔም እያለቀስኩ፣ ልጆቹም አድገው ወጥተዋል፣ ከእንግዲህ እኛ ምን ቀረን፣ ከመጪው ዓመት ዐቢይ ጾም በፊት አብረን ቆብ እንደፋለን ተባብለናል። እኔ እንባዬን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እርስዎ ግን የቃል ሰው ነዎትና በሳምንቱ ለሁለታችን የሚሆን ቢጫ ጨርቅ አስነክረው አስቀመጡ።

«እንግዲያው» አሉኝ በስልክ፣ «ለገብርኤል ጉዞ እሱም ይሄድ የለም? መንገድ ላይ ሰውየውን እይው። ነውሩን አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ከቆቡና ከጎሚስታው አንዱን ያን ጊዜ እንመርጣለን።» «እንመርጣለን» ነው ያሉት፤ «ትመርጫለሽ» አላሉም። እኔም እሺ ብዬ፣ ሰው ሁሉ መዝሙር ደብተሩን ሲይዝ እኔ ዓይኔን ይዤ ሄድኩ።

ስለዚህ ነውሩን ላስቀድም። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ አንኮራፋ። ማንኮራፋት እንኳ አይባልም፤ ዳገት ላይ የሚያቃስት አይሱዙ ነው። ሲነቃ ደግሞ ባይነቃ ይሻል ነበር። የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶብስ ነው፣ ከሾፌሩ ጋር ሠላሳ አንድ ሰው ነን፣ እሱ በቀጥታ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርጎ የጎማ ድምፅ ያዳምጣል። «አወቀ፣ ይቺ የኋላ ግራዋ ነፍስ የላትም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አወቀ፣ ፍሬኑን እንደሱ አትርገጠው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ አስለምደው» ይላል። በመጨረሻ አወቀ ሾፌሩ መሪውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ከሁለት አንዱን ያድርጉ፤ ወይ ይንዱ፣ ወይ ይጸልዩ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞጆን ስናልፍ ግን ያችው የኋላ ግራዋ ተነፈሰች፤ ምንይሉም አንዲት «ብዬ ነበር» ሳይል እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ። ይህ ከነውሩ ውስጥ አይቆጠርም፤ እግረ መንገዴን ነው የጻፍኩት።

መዝሙሩ ግን ነውር ነው። እርስዎ የወንድምዎን ድምፅ ያውቃሉ፤ ያንን ድምፅ ሃያ ስምንት ዓመት በሰማ ጆሮ የምንይሉን መዝሙር መስማት ንስሐ ነው። ሁላችንም ጨርሰን አሜን ስንል እሱ ገና አንድ ስንኝ ይቀረዋል።

እንግዲህ በዓሉን አክብረን፣ ስለቴንም አግብቼ፣ በማግስቱ በሃያ ልንመለስ ስንል ጉዞውን የሚመሩት የማኅበራችን ሙሴ፣ «ሐዋሳ መጥተን ሐይቁን ሳናይ ብንመለስ አገር ይስቅብናል» አሉ። የሳቀብን ሐይቁን በማየታችን ነው እንጂ ባለማየታችን አልነበረም፤ ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል። ሌሊቱን ቆመን ስላደርን እኔ መኪናው ውስጥ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። ሙቀቱ ደግሞ አይወራም። ከላይ ጋቢ፣ ከሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ነው የለበስኩት። አውልቂው ብባልም ብርድ ድንገት ነው የሚመጣው ብዬ እምቢ አልኩ፤ በመንዝ እምነት ብርድ የሌለበት አገር የለም፣ የዘገየበት አገር ነው ያለው።

መኪናው ሲቆም ባነንኩ። እስቲ አሁን ፍርድ ይስጡኝ። እኛ አገር ዛፍ የት ነው ያለው? ባሕር ዛፉን ይተዉት፤ እሱ ቆሞ ያለ ማገር ነው። እውነተኛ ዛፍ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ ቅርንጫፉ ተያይዞ ሰማይ የጋረደ፣ ወፍ የሚንጫጫበት ዛፍ ካየን ከመካከሉ ጉልላት አለ ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሩቅ ደን ስናይ፣ «ያ የማን ደብር ነው?» እንላለን እንጂ፣ «ያ የማን ደን ነው?» ያለ መንዜ እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ ደን አለ። ደኑ የግንብ አጥር አለው። አጥሩ ትልቅ በር አለው። በበሩ ነጭ የለበሰ ሰው ይገባል፣ ነጭ የለበሰ ሰው ይወጣል፤ ለካ እንደኛው ከገብርኤል የመጣ መንገደኛ ነው። ከዛፎቹ ኋላ ውሃ ያብለጨልጫል። ጸበሉ ነው አልኩ። በዛ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ ግን ጸበል በዛ ተብሎ መች ይጠረጠራል?

ከመኪናው ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን በር ላይ አስቀምጬ መቃኑን ስይዝ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጫማውን አወለቀ። እኛ ሰው ጫማ ሲያወልቅ ካየን እናወልቃለን፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደፋር ይባላል። ሠላሳ ጥንድ ጫማ እንደ ሰንበት ተደረደረ። ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ መስመር ይዞ መቃን መሳም ሆነ። መምሬ ኪዳነ ወልድ ሳይቀሩ መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አውጥተው «በስመ አብ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሲጠየቁ፣ «እኔ ዛፉን ነው የባረክሁት» ይላሉ።

ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። እኔ ግንባሬ መሬት ላይ ነው።

«እናቴ፣ ምን ጠፋብሽ? ቀለበት ነው?» አለኝ።

እኔም ሳልነሳ፣ «የኔ ወንድም፣ ታቦቱ የማን ነው?» አልኩት።

ሰውየው እኔን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ጫማውን አየ። ደግ ሰው ነው፣ ሳቁን ዋጠ። «እዚህስ ታቦት የለም እናቴ። ያለው ጉሬዛና ጀልባ ነው። መግቢያውም ቲኬት አለው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ አልጽፍልዎትም፤ ወረቀቱ አይበቃም። አማከለች እንኳ የያዘችውን መቃን በቀስታ ለቅቃ፣ «እኔስ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» አለች። ከንፈሯ ላይ የመቃኑ ኖራ ነበር።

አሁን ነው እንግዲህ ልብ ብለው የሚያነቡት። ጥበቃው ቲኬት ሊቆርጥ ዞር ሲል ከመካከላችን አንዱን አየና ፊቱ በራ። «ጋሽ ምንይሉ! አንተ ነህ? አንተ ደግሞ ጫማህን ምን ሆነህ አወለቅህ?» አለ። ተቃቀፉ። ለካ ምንይሉ መሐል ሜዳ ጎሚስታ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ሐዋሳ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ዛፎች ችግኝ ሳሉ ውሃ ያመላለሰላቸው እሱ ነው፤ ያንን በር በር ሳይሆን ጀምሮ ያውቀዋል።

ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ ዞሮ የምንይሉን እግር አየ፣ እኔም አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ሳያውቅ ነው የሳመው። እሱ ግን እያወቀ፣ ካባቸውን ከደረቡት ከመምሬ ኋላ ተሰልፎ፣ በቀኝ ሦስቴ በግራ ሦስቴ ስሟል። ጥበቃው፣ «ንገረኝ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?» እያለ ቢጨቀጭቀው፣ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ከሌላው ጫማ ጋር እያስተካከለ፣ «ሰው ሲሳለም ቆሞ ማየት ደስ አይልም» አለው። ይህን ከነውሩ ይቁጠሩት አይቁጠሩት አላውቅም። አንድም ሳታስቀሪ ስላሉኝ ጻፍኩት።

ጫማው እዚያው ተደርድሮ ቲኬት ስንጠብቅ ጦጣ ወረደ። የእኛን ጭላዳ ያውቁታል፤ ገብስ ሲያሸት ካልሆነ በቀር ከሰው ጋር ነገር የለውም፣ ቁጭ ብሎ ሣሩን ሲነጭ ይውላል። በዚያ ልማዳችን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አማከለች እንዲያውም፣ «ተዉት፣ ሣሩን ይጋጥ» አለች። የሐዋሳ ጦጣ ሣር አይግጥም፣ እትዬ። አንዷ ከሠላሳው ጥንድ መካከል መርጣ የእኔን፣ ለገና ብዬ የገዛሁትን፣ የግራውን አንስታ ዋርካው ላይ ወጣች።

«አዛለች፣ ወደ ኋላ በይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ምንይሉ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ «ወይዘሮ አዛለች፣ እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ጦጣዋ ጫማዬን ይዛ ስትወጣ እኛ «አንቺና አንተ» ውስጥ ወረድን፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣንም።

ያልተሞከረ ነገር የለም። መምሬ መስቀል አሳዩዋት። አማከለች ቆሎ ወረወረችላት፤ ቆሎውን በላች፣ ጫማውን አልመለሰችም። ምንይሉ ግንዱን ይዞ ክንድ ያህል ወጣና ጉልበቱ ቀጭ አለ፣ ወረደ። ጦጣዋ ቅርንጫፍ ላይ ተመቻችታ ጫማዬን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ይህንን ሠላሳ ሰው በዓይኑ አይቷል። አሽትታ የጠላችውን ጫማ ልትመልስልኝ ነው ስንል ይዛው ወደ ሌላ ዛፍ ተሻገረች፤ ዛሬም እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

መሬቱ ፀሐይ ስለመታው ምጣድ ሆኗል፣ እሾህም አለው። በአንድ እግሬ እንደ አባ ኮዳ ቆሜ ሳለሁ (አባ ኮዳ የሚባል ወፍ አለ፤ ትልቅ፣ ራሱ መላጣ፣ ማኅሌት ቆሞ እንዳደረ ደብተራ ትከሻውን ሰብስቦ ዓሣ የሚጠብቅ)፣ ምንይሉ መልሶ ያጠለቀውን የግራ ጫማውን አውልቆ ከእግሬ ሥር አስቀመጠው። «ግቢበት» አለኝ። እምቢ አልኩ። «መሬቱ ያቃጥልሻል፣ እኔ ካልሲ አለኝ» አለ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። ገባሁበት፤ እግሬ ውስጡ ሲመላለስ ይሰማኛል።

እንግዲህ በዓይነ ሕሊናዎ ይዩን። እኔ በቀኝ የራሴ የሴት ጫማ፣ በግራ የወንድ ጫማ። እሱ በቀኝ ጫማ፣ በግራ ካልሲ። በዚያ በሚያምር ደን መካከል ጎን ለጎን ቀጭ ቧ፣ ቀጭ ቧ እያልን እንሄዳለን። አማከለች ከኋላ ሆና፣ «ሌላው ሰው በቀለበት ይተሳሰራል፣ እነዚህስ በጫማ ጀመሩት!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ፎቶ የሚነሱት ሙሽሮች ሳይቀሩ ዞረው አጨበጨቡልን። ቆብ ልትደፋ ሁለት ወር የቀራት ሴት ነኝ እኮ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ግን በአንዱ እግሬ የሰው ጫማ ይዤ እንዴት እዋጣለሁ?

የሐይቁን ነገር ካልነገርኩዎ ሄድኩ አይባልም። ዛፎቹ ድንገት ያበቁና ውሃው ይጀምራል። እኔ የመሐል ሜዳ ሰው ነኝ፣ ሜዳ አይደንቀኝም፤ ይሄኛው ግን የሚተነፍስ ሜዳ ነው። ማዶው ላይ ተራራ ቆሞ ራሱን ያያል። ጉሬዛዎቹ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ሲሻገሩ የጥምቀት ተመላሽ ካህናት ይመስላሉ። ዳር ላይ ዓሣ ይጠበሳል። ጾሙ ደግሞ አልተፈታም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገር ተነሳና ሁላችንም መምሬን አየን። መምሬም ሐይቁን አዩ። «ዛሬ ዓይኔ ቅርብ ያለውን አያሳየኝም» አሉ። አማከለች ሁለት በላች።

ምንይሉና እኔ ሌላው ሰው ጀልባ ሲሳፈር ዳር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥን። በጫማ ምክንያት ነው፤ ለጀልባው ሁለት እግር ያስፈልግ ነበር።

እዚያ ላይ ወንድምዎን አሰብኩት። ልደብቅዎ አልፈልግም። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱን ሳስብ የሚመጣብኝ መጨረሻው ነበር፤ አልጋው፣ ትንፋሹ፣ ያ ክፉ ክረምት። ያን ዕለት ግን ሲስቅ መጣብኝ። የመናፈሻ በር ስሳለም ቢያየኝ ኖሮ ሆዱን ይዞ መሬት ይንከባለል ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አይተወኝም ነበር። ሳቁ እንዴት እንደነበር ረስቼው ኖሯል፣ እትዬ። እዚያ ውሃ ዳር፣ የሌላ ሰው ጫማ በእግሬ ይዤ አስታወስኩት። እንዴት እንዲህ እንደሚሆን እርስዎ ካወቁት ይንገሩኝ።

ለምንይሉ የምመልስለትን ደግሞ ከመሐል ሜዳ ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር። «አቶ ምንይሉ፣ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቃል የገባሁበት ጉዳይ ስላለ ሌላ ሰው ይፈልጉ» የሚል ነው። መኪና ውስጥ በሆዴ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ፤ ከወንጌል ጥቅስም ነበረው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሱም ካልሲው ላይ የተሰካውን እሾህ መንቀሉን ትቶ አየኝ። አፌን ከፈትኩና፣ «ጫማህ ሰፋኝ» አልኩት።

«ካልሲ ይደረብበታል» አለኝ።

ያ ሁሉ ጥናት በዚህ አለቀ።

ኋላ፣ «በሩ የመናፈሻ መሆኑን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ልነግርሽ ነበር። ከመኪና ስትወርጂ ፊትሽን አየሁት፤ እንደዚያ ላመነ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? ብቻሽን ከምትስቂ... ብቻሽን ከሚሳቅብሽ ማለቴ ነው፣ ከአንቺ ጋር ይሳቅብኝ ብዬ ነው» አለኝ። ሲናገር ይሳሳታል፤ ይህንንም ነውር ካሉት ይጻፉት። ስለ ቆቡ ያለውንም ልንገርዎ። «ቆቡን ከመረጥሽ አልቀየምሽም። አንቺንም እትዬሽንም እስከ ገዳሙ በር አደርሳችኋለሁ፤ የመኪናውን ጎማ ግን ራሴ ሳላየው አትሄዱም» ነው ያለኝ።

በመልስ መንገድ መኪናው ውስጥ ከመምሬ ኪዳነ ወልድ አጠገብ ተቀመጥኩ። የንስሐ አባቴ ናቸውና፣ በጆሮአቸው፣ «አባ፣ ሰው ለቅሶ ላይ ሆኖ የተናገረው ቃል ይፈታል?» አልኳቸው። «ምን ዓይነት ቃል?» አሉኝ። የቆቡን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቢሾፍቱ ደረስን። «ልጄ፣ ቃሉን የገባሽው ለማን ነው? ለእግዚአብሔር ከሆነ ቀኖና ሰጥቼ እፈታዋለሁ፣ እሱ መሐሪ ነው» አሉኝ። «ለእትዬ ነው አባ» አልኳቸው። መምሬ መስኮቱን አዩ፣ መስቀላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲያው የእኔ ሥልጣን ራቤል አይደርስም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ይኸው ነው። ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩልዎ። ያንኮራፋል፣ መዝሙር ያበላሻል፣ ሾፌር ያስተምራል፣ ሲናገር ይሳሳታል፣ ዛፍ መውጣት አይችልም። ሌላ ነውር ፈልጌ አጣሁ፤ በደንብ አልፈለግሽም እንዳይሉኝ ደግሞ ከሐዋሳ መሐል ሜዳ ድረስ ሳየው ነው የመጣሁት። እኔ ምንም አልጠየቅሁም። የእርስዎን ፊት አይቼ ልነግርዎ የሚገባውን በወረቀት የጻፍኩት ድፍረት አንሶኝ ነው፤ ወንድምዎ በሞተ ጊዜ በሁለት እጅዎ አንስተው ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ ፈቃድ ውጪ አንዲት እርምጃ ብሄድ እግሬ አይጸናም።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ፖስታ ይዘገያል፣ አማከለች ትቀድማለች። በሰው እጅ ነው የላክሁት። ይዞልዎት የመጣውን ሰው ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከላይ ደጋግሜ ሳልጽፈው አልቀረሁም። ይህን ሲያነቡ ከደጅዎ ቆሟል። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክ ብዬው ነበር። «በስድሳ ሁለት ዓመቴ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ? የእኔ ሽማግሌዎች ሁሉ አልቀው ራሴ ነኝ የቀረሁት» አለኝ። ሴት ሊጠይቅ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ውሃም አልጠጣም፣ አልቀመጥም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም፤ እርስዎ ስንቱን አስቁመው የሸኙ፣ ስንቱንም ያስቀመጡ ነዎት። አንዴ «ተቀመጥ» ቢሉት ለወጉ ነው ብሎ ይቆማል። ሁለቴ ካሉት ግን ይቀመጣል። ውርጩም አለ፣ እሱም ልጅ አይደለም። ስንቴ እንደሚሉት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ቅዱስ ገብርኤል ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ሳልዎን ያርቅልዎ፤ ከዓመት ዓመት በጤና ያድርስዎ፤ እኔንም ከቁጣዎ ይሰውረኝ። የማክሰኞው መኪና ከራቤል ሲገባ መናኸሪያ ወጥቼ እቆማለሁ። ሲወርድ ፊቱን አይቼ፣ እሱ ምን እንዳለኝ፣ እኔም ምን እንዳልኩት፣ አማከለችም ከየትኛው አጥር ሥር ሆና እንዳየችን፣ የዚያኑ ዕለት ጽፌ እልክልዎታለሁ።

በቆብም ሆነ ያለ ቆብ፣
ታናሽ እህትዎ